250 ኪሎ የሚመዝን እንስሳ እንዴት ከመሬት ይነሳል?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬ ላስቀምጠው። የጻፉት እናት ናቸው። የ10 ዓመት ልጅ አላቸው፤ ዳይኖሰር የሚባል ነገር ሲያይ እህል ውሃ ይረሳል። ለፋሲካ ወንድማቸው ከአዲስ አበባ መጣ። የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ነው። ልጁ አንድ ስዕል አምጥቶ አሳየው፦ ቁመቱ ቀጭኔ የሚያህል፣ ክንፉ ከሳሎናቸው የሚሰፋ እንስሳ። አጎት ሳቀ። «ይሄማ የፊልም ነው። 250 ኪሎ የሚመዝን ፍጡር ክንፉን አርገብግቦ ከመሬት አይነሳም። ቢበዛ ከገደል አፋፍ ራሱን ወርውሮ ይንሸራተት ይሆናል» አለው። ልጁ አኩርፎ ዶሮውን ሳይበላ ተኛ። እናት ደግሞ የሆነ ቦታ «በዚያ ዘመን አየሩ ወፍራም ስለነበር ነው የበረሩት» የሚል አነበቡ። አሁን ማንን ልመን ይላሉ።

ይበር ነበር። ልጁ ዶሮውን ይብላ።

አጎቱን ግን እንዳይስቁበት አደራ። የጠየቀው ጥያቄ የዋዛ አይደለም፤ ዕድሜያቸውን በዚህ ሥራ ላይ የፈጁ ሰዎችም ጠይቀውታል። ሒሳቡም ልክ ነው። የሳተው መለኪያው ላይ ነው። በወፍ ነው የለካው። ያ እንስሳ ግን ወፍ አይደለም። የኔ ሥራ አጥንት ማገላበጥ ስለሆነ ነገሩን ከአጥንቱ ጀምሬ ላስረዳ።

ስዕሉ ላይ ያለው ኬትሳልኮአትለስ ሳይሆን አይቀርም። በ1971 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ዳግላስ ላውሰን የሚባል የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቢግ ቤንድ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የክንፍ አጥንት አገኘ። በ1975 ስም ወጣለት። የፊተኛው ስሙ ላባ ካለው የአዝቴኮች የእባብ አምላክ የመጣ ነው። የኋለኛው ስሙ ኖርዝሮፒ ነው፤ ጅራት የሌለው አውሮፕላን ካልሠራሁ ብሎ ከደከመው ከጆን ኖርዝሮፕ የተወሰደ። ይህቺን ለወንድምዎ ይንገሩልኝ፣ ደስ ይለዋል። ላውሰን መጀመሪያ ላይ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ11 እስከ 21 ሜትር ይሆናል ብሎ ነበር። አሁን ግምቱ ከ10 እስከ 11 ሜትር ላይ ረግቷል። ክብደቱን ብዙዎቹ ከ200 እስከ 250 ኪሎ ያደርጉታል። ስለዚህ የልጅዎ ስዕል አልተጋነነም።

ልጁን ግን አንድ ቦታ ላይ ላርመው። ዳይኖሰር አይደለም። ቴሮሰር ነው የሚባለው። ለዳይኖሰር የአጎት ልጅ ነው በሉት። የወፍ አያትም አይደለም፤ ወፎች የመጡት ከዳይኖሰር ወገን ነው። ቴሮሰሮች ከወፍም ከሌሊት ወፍም በፊት፣ ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደ ኋላ፣ መብረር ጀመሩ። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ደግሞ ዘር ሳይተኩ ጠፉ። ዛሬ «ይኸውላችሁ ዘመዱ» ብለን የምናሳየው የለም። ግራ የመጋባታችንም ምክንያት ይኸው ነው።

አሁን ወደ አጎት ክርክር። በዳቦ ልግለጸው።

አንድ ድፎ ጋግረዋል እንበል። ቀጥሎ በወርዱም በቁመቱም እጥፍ የሆነ ሌላ ድፎ ጋገሩ። የላዩ ቅርፊት 4 እጥፍ ይሆናል። ውስጡ የገባው ሊጥ ግን 8 እጥፍ ነው። ክንፍ ቅርፊቱ ነው፤ ክብደት ሊጡ ነው። እንስሳ እያደገ ሲሄድ ክብደቱ ክንፉን ጥሎት ይሮጣል። አንዷ ካሬ ሜትር ክንፍ የምትሸከመው ኪሎ ይበዛባታል። ስለዚህም ነው ዛሬ ከሚበሩት ሁሉ ከባዱ ወፍ 20 ኪሎ እንኳ በወጉ የማይሞላው። ከእነዚያ ከባዶች አንዱ የእኛው አገር ወፍ ነው፤ ኮሪ የሚባለው፣ አዋሽ ፓርክ ሜዳ ላይ አንገቱን ቀስሮ የሚንጎራደደው። ከእናንተ ገደል አፋፍ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ብታዩ አገሩ እዚያ ታች ነው። በረራ አይወድም። ሲያባርሩት መጀመሪያ የሚመርጠው በእግሩ መሄድ ነው።

በ2009 ካትሱፉሚ ሳቶ የሚባሉ ጃፓናዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው አልባትሮስና ሌሎች የባሕር ወፎች ላይ መሣሪያ ገጥመው ክንፋቸውን እንዴት እንደሚመቱ መዘገቡ። ከዚያ በሒሳብ ወደ ላይ ወሰዱት። መደምደሚያቸው 41 ኪሎ ገደማ ካለፈ፣ ክንፉም ከ5 ሜትር ከዘለለ፣ እንስሳው ክንፉን እያርገበገበ በአየር ላይ መቆየት አይችልም የሚል ነበር። ወንድምዎ ቢሰማ «አላልኳችሁም!» ይል ነበር። ችግሩ ግን አርጀንታቪስ አለ። በጥንቷ አርጀንቲና የኖረ ወፍ ነው። 70 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። ክንፉ የበረራ ክንፍ ነው፣ አጥንቱም እንደዚያው። ወሰኑ ገና ከወፎቹ ሳንወጣ ተጣሰ ማለት ነው። ከአልባትሮስ ተነስቶ ስለ ቴሮሰር መናገር ደግሞ ከባጃጅ ተነስቶ ስለ አይሱዙ እንደመናገር ነው። ሁለቱም ጎማ አላቸው። ይኸው ነው።

ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? አነሳሱ ላይ።

መንዝ ነው ያደግሁት። ልጅ ሆነን ከመንደሩ በታች በቅሎ ሞታ ነበር። ጥንብ አንሳዎቹ በማግስቱ ወረዱባት። እኛ እረኞቹ ጨዋታችን እስኪጠግቡ ጠብቆ ማባረር ነው። ሆዱ የሞላ ጥንብ አንሳ ሲያባርሩት አይበርም። ይሮጣል። አንገቱን አስግጎ፣ ክንፉን ገርበብ አድርጎ፣ እንደ ሰከረ ሰው ግራ ቀኝ እያለ ቁልቁል ይሮጣል። ክንፉ መሬት እየገረፈ አቧራ ያስነሳል። አሥር እርምጃ፣ አሥራ አምስት እርምጃ። ከዚያ እግሩ ከመሬት ይለቅና እንደገና ይነካል። እንደገና ይለቃል። ዳገት ወዳለበት ካባረራችሁት ተያዘ። አንዱን እንዲያ አጥብቀን ልንይዘው ስንል የበላውን በሙሉ እላያችን ላይ አስመልሶ፣ ቀለል ብሎት ተነሳ። ባናዬ ሳምንት ሙሉ ሸተተ። እናቴ በር አላስገባም አለችኝ።

ያኔ አልገባኝም ነበር እንጂ የወፍን ችግር በዓይኔ ነው ያየሁት። ወፍ ሁለት ሞተር አለው። አንዱ እግሩ ነው፤ ከመሬት የሚያስፈነጥረው። ሌላው የደረቱ ጡንቻ ነው፤ ክንፉን የሚመታው። መሬት ላይ ሳለ የደረቱ ሞተር ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። አየር ላይ ሲወጣ ደግሞ እግሩ ጭነት ይሆናል። ትልቅ ወፍ ለመሆን ትልቅ እግር ያስፈልጋል። ትልቅ እግር ደግሞ ክንፉ ተሸክሞት የሚዞረው ዕዳ ነው። ጥንብ አንሳው ያን ያህል የሚሮጠው ለዚህ ነው።

ቴሮሰር ግን አንድ ሞተር ነው ያለው። መሬት ላይ ሲሄድ በአራት እግሩ ነው፤ ክንፎቹ የፊት እግሮቹ ናቸው። ይህ ግምት አይደለም፤ ኮቴው ድንጋይ ላይ ቀርቷል። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ርዝመቱ 35 ሴንቲሜትር የሚሆን የኋላ እግር ኮቴና ከጎኑ የእጁ አሻራ ተገኝቷል። እጁን እንዲህ አስቡት። አውራ ጣት፣ ጠቋሚ ጣትና የመሐል ጣት ትንንሽ ሆነው መሬት ይረግጣሉ። ትንሿ ጣት የለችም። የቀለበት ጣቱ ግን ከክንዱ ረዝሞ፣ እንደ ምርኩዝ ወፍሮ፣ ወደ ኋላና ወደ ላይ ታጥፎ በጎኑ ተለጥፏል። ክንፉ የተወጠረው በዚያች ጣት ላይ ነው። ክንፉን የምታሰፋው ይህቺው አንድ ጣት ናት። እኔ እስካሁን አጥንቷን ባየሁ ቁጥር ይገርመኛል።

ከዚያ ሲነሳስ? በ2008 ማይክል ሃቢብ የሚባል አሜሪካዊ አንድ ነገር አስተዋለ። የወፍንና የቴሮሰርን የክንድና የጭን አጥንት ጥንካሬ አነጻጸረ። ቴሮሰሩ እያደገ ሲሄድ የክንዱ አጥንት ከሚጠበቀው በላይ ይጠነክራል። የጭኑ ግን እንዲያ አይሆንም። በኋላ እግር ብቻ የሚነሳ ቢሆን ኖሮ መጠንከር የነበረበት ጭኑ ነበር። ስለዚህ በአራቱም ነው የተነሳው አለ። ኮርማ ሲዘል እንደሚያደርገው ዝቅ ይላል። የኋላ እግሩ ቀድሞ ይገፋዋል። ገላው በክንዶቹ ላይ ወደ ፊት ይሻገራል። ቀጥሎ ክንዶቹ በሙሉ ጉልበት መሬቱን ይገፋሉ። ገና ወደ ላይ እየሄደ ሳለ ያቺ የታጠፈች ጣት ትዘረጋለች። ክንፍ ሆነ።

ፑሽ አፕ ሠርተው መሐል ላይ የሚያጨበጭቡ ወጣቶች አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያው ነው። መሬቱን የገፋው ጡንቻና እጁን ያጨበጨበው ጡንቻ አንድ ነው። ለመነሳት ያወጣው የደረት ጉልበት ወዲያው ለክንፍ ምት ይውላል። የትርፍ ጭነት ጉዳይ የለበትም። የእናቴን ቤት ያስከለከለኝ ጥንብ አንሳ ያጣው ይህን ነው።

ደግሞ ተረት አይደለም፤ ዛሬም የሚያደርገው እንስሳ አለ። በደቡብና በመካከለኛው አሜሪካ የከብት ደም የሚልስ የሌሊት ወፍ አለ። መሬት ላይ በአራት ይሄዳል። ሲነሳ በክንዱ ገፍቶ ሽቅብ ይፈናጠራል። ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ አየር ላይ ነው።

ሁሉም በዚህ ተስማምቷል ብዬ አላታልልም። በ2021 ኬቪን ፓዲያንና ባልደረቦቹ ስለ ኬትሳልኮአትለስ አንድ ትልቅ ጥናት አወጡ። እነሱ በኋላ እግሩ ነው ዘሎ የሚነሳው ባዮች ናቸው፤ እግሩ ረጅም ስለሆነ ክንፉን ለመምታት የሚበቃ ከፍታ ያገኛል ይላሉ። እኔ ወደ ሃቢብ አደላለሁ፣ የክንዱ አጥንት ነው የሚያሳምነኝ። ግን ልብ በሉ፤ ጭቅጭቁ በስንት እግሩ ተነሳ የሚል ነው። መነሳቱ ላይ ሁለቱም ወገን አልተለያየም።

ከገደል ላይ ብቻ ነው የሚለውስ? ለጣርማበር ሰው ያስኬዳል። አፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ለሚያይ ሰው «ከዚህ ራሱን ቢወረውር» ማለት ይቀለዋል። እንስሳው የኖረበት አገር ግን የወንዝ ሜዳ ነበር። ገደል የለም። ምግቡንም የሚፈልገው እየተራመደ፣ በረጅም አንገቱ ጎንበስ ብሎ ከመሬት ላይ ትንንሽ እንስሳ እየለቀመ ነው ብለው ማርክ ዊተንና ዳረን ናይሽ በ2008 አሳማኝ ነገር ጽፈዋል። ሥጋ በል ዳይኖሰር በሚዞርበት ሜዳ ላይ አርፎ መነሳት የማይችል ቢሆን ኖሮ ዘሩ አይቀጥልም ነበር።

ስለ ክንፉ ቆዳ ትንሽ ልበል። ላባ የለውም፤ ታዲያ ጨርቅ ለብሶ ይበራል ወይ የሚል ሰው አያለሁ። ጣርማበር ነፋስ ላይ ጋቢ ዘርግታችሁ ታውቃላችሁ። ይንበለበላል፣ ይጠቀለላል፣ ፊታችሁ ላይ ይመጣል። የቴሮሰር ክንፍ እንዲያ ቢሆን ኖሮ አይረባም ነበር። ደህና ሆነው የተቀመጡ ቅሪቶች ላይ ግን በቆዳው ውስጥ ቀጫጭን ክሮች ተደርድረው ይታያሉ። ጋቢው ውስጥ ቀጭን ሸምበቆ ጎን ለጎን እንደ መስፋት ነው። ታጥፎ ይሰበሰባል፤ ሲዘረጋ ግን ቅርጹን ይይዛል። ከክሮቹ ሥር ስስ ጡንቻም ነበረ፤ ውጥረቱን የሚያጠብቅና የሚያላላ።

አጥንቱ ደግሞ ቀፎ ነው። ከውጭ ሲታይ የክንድ ውፍረት ያለው ቧንቧ፣ ግድግዳው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ። ውስጡ አየር ነው። ከሳንባው የተነሱ የአየር ከረጢቶች እስከ ክንፉ አጥንት ድረስ ይገቡ ነበር። ለዚህም ነው አብዛኛው ተደፍጥጦ የሚገኘው። የመጠጥ ውሃ ሀይላንድ መኪና እንደሄደበት አስቡት።

አሁን ወንድምዎ ጉዳዩን ቢያጠና ሊያነሳው የሚችለውን ጠንካራውን መከራከሪያ እኔው ላንሳለት። በ2010 ዶናልድ ሄንደርሰን የኮምፒውተር ምስል ሠርቶ ለኬትሳልኮአትለስ 544 ኪሎ ሰጠው። በዚህ ክብደት አይበርም፣ መሬት ላይ የቀረ ነው አለ። በዚያው ዓመት ዊተንና ሃቢብ መለሱለት። የሠራኸው ሆድና ደረት ከአጥንቱ ጋር ሲተያይ በጣም ሰፍቷል አሉት። ትልቁ ኬትሳልኮአትለስ የሚታወቀው በአብዛኛው ከአንድ ክንፍ አጥንቶች ነው። ገላው ከትንሹ ዘመዱ ተነስቶ የሚገመት ነው። ግምት ላይ ትንሽ ስትለጥጥ ሊጡ ምን እንደሚሆን ደግሞ በዳቦው አይተናል።

እኔን ግን ከክብደቱ ይልቅ የሚያሳምነኝ ሌላ ነው። መብረር የተወ እንስሳ ክንፉን አይንከባከብም። ሰጎንን እዩ። ክንፏ አለ፣ ግን ለበረራ አይሆንም። የደረቷ አጥንት ጠፍጣፋ ነው። ኬትሳልኮአትለስ ግን የላይኛው የክንዱ አጥንት ብቻ ከግማሽ ሜትር በላይ ነው፤ ጡንቻ የሚያዝበት ጉልህ ክንፈፍ አለው፤ መጋጠሚያዎቹ የበረራ መጋጠሚያ ናቸው። በእግሩ ብቻ የሚኖር እንስሳ ይህን ሁሉ ዕቃ ለምን ይሸከማል? የማይሄድ መኪና ጎማ በየወሩ የሚቀይር ሰው አይቼ አላውቅም።

ወንድምዎ ቁጥር ስለሚወድ ቁጥር ልስጠው። ሴስና 172 የምትባለውን ትንሽ አውሮፕላን ያውቃታል። ክንፏ 11 ሜትር ነው። ስትነሳ እስከ 1,100 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። አንዷ ካሬ ሜትር ክንፍ 70 ኪሎ ያህል ትሸከማለች። ኬትሳልኮአትለስን 250 ኪሎ አድርገን ክንፉን 10 ካሬ ሜትር ብንሰጠው አንዷ ካሬ ሜትር የምትሸከመው 25 ኪሎ ነው። ስዋን ከሚባሉት ትልልቅ የውሃ ወፎች ብዙም አይርቅም። ክንፉ አይደለም ችግሩ፤ ክንፉ ይበቃዋል። በጥንቃቄ ሳሰላው በባሕር ወለል ላይ ከ60 ኪሎሜትር በሰዓት በታች ሲሆን ክንፉ ይከዳዋል። ያን ፍጥነት ከየት ያመጣል? ሴስና በሜዳው ላይ ሮጣ ታመጣዋለች። እሱ ደግሞ በአንድ ዝላይ ከፍታ ያገኛል፤ ከዚያ በጥቂት ከባድ ምቶች። ክንፉ ራሱ ስለሚንቀሳቀስ በላዩ የሚያልፈው አየር ከገላው ፍጥነት ይበልጣል። ወደ ነፋስ ዞሮ ከተነሳ ደግሞ ነፋሱ የሰጠው ሁሉ ትርፍ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ናቸው ጉልበት የሚጨርሱት። አንድ ደቂቃ ሙሉ እንደዚያ መምታት አይጠበቅበትም።

አየሩ ወፍራም ስለነበር ነው የሚለውን ደግሞ ይተዉት። ስበቱም ቀላል ነበር የሚሉ አሉ፣ እሱንም ጨምረው ይተዉት። ከላይ ያለው ስሌት በዛሬው አየርና በዛሬው ስበት ነው የተሠራው። ተጨማሪ ምርኩዝ አላስፈለገውም። ስለ አየር ካነሳን ግን እናንተ ያላችሁበት ቦታ ይጠቅማል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሯ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ያው እንስሳ እዚያ ለመነሳት ፍጥነቱን 15 በመቶ ያህል መጨመር አለበት፤ ከ60 ወደ 70 ይጠጋል። ቦሌ ላይ አውሮፕላን ለመነሳት ለምን ረጅም መንደርደሪያ እንደሚፈልግ ወንድምዎ በሚገባ ያስረዳችኋል። ቢሆንም ስስ አየር በረራን አይከለክልም። በ1973 አይቮሪ ኮስት ላይ አንድ ጥንብ አንሳ ከመንገደኛ አውሮፕላን ጋር ተጋጨ፤ ከፍታው 11,300 ሜትር ነበር። አውሮፕላኑ አንድ ሞተር አጥፍቶ በሰላም አረፈ። የወፉ ዓይነት በእናንተው ገደሎች ላይ የሚያንዣብበው ነው።

ከተነሳ በኋላ እንዴት በረረ የሚለው አሁን ሞቅ ያለው ክርክር ነው። በሙቅ አየር እያንዣበበ ረጅም መንገድ ይሄድ ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው። በ2022 የጃፓን ተመራማሪዎች ግን በስሌት አይመስለንም አሉ፤ ኬትሳልኮአትለስ በማንዣበብ ደካማ ነው፣ ይልቁንም እንደዚያ እንደ አዋሹ ኮሪ አብዛኛውን ጊዜ በእግሩ እየሄደ ሲያስፈልገው አጭር የሚበር ነበር ብለው ጻፉ። በ2024 ደግሞ ከዮርዳኖስ ደስ የሚል ነገር መጣ። አራምቡርጊያኒያ የሚባለው የዚያው የግዙፎቹ ወገን ነው፤ ክንፉ 10 ሜትር ገደማ። አጥንቱ ሳይደፈጠጥ ተገኝቶ ውስጡ በስካን ታየ። የውስጥ ግድግዳው ላይ እንደ ብሎን ጥርስ የሚዞሩ መስመሮች አሉት። ይህ ዓይነቱ በሚያንዣብቡ እንደ ጥንብ አንሳ ባሉ ወፎች ክንፍ ውስጥ የሚታይ ነው። እዚያው አገር የተገኘው ኢናብታኒን የሚባለው አነስተኛ ዘመዱ ግን ውስጡ በተጠላለፉ ድጋፎች የተሞላ ነው፤ ክንፋቸውን አዘውትረው እንደሚመቱ ወፎች። እንግዲህ ትልልቆቹ ቴሮሰሮች ሁሉ አንድ ዓይነት አልበረሩም ማለት ነው። እኔ ስለ ኬትሳልኮአትለስ ልማድ ገና እጄን አላወጣም። ስለ አራምቡርጊያኒያ ግን አጥንቱ ብዙ ተናግሯል።

ወንድምዎን የሚያዝናና አንድ ታሪክ ልጨምር። በ1980ዎቹ ፖል ማክሪዲ የሚባል መሐንዲስ የኬትሳልኮአትለስን ግማሽ የሚያህል፣ ክንፉ 5.5 ሜትር የሆነ፣ ክንፉን በሞተር የሚመታ ሞዴል ሠራ። ትልቁ ራስ ምታት ክብደቱ አልነበረም። ጅራት የሌለው ነገር ሚዛን አልጠብቅ አለ። ረጅሙ አንገትና ጭንቅላት ወደ ጎን በዞረ ቁጥር ሁሉንም ይዞ ይዞራል። ኮምፒውተር በየቅጽበቱ እያረመው በ1986 መጀመሪያ በበረሃ ላይ በደንብ በረረ። በግንቦት ወር ደግሞ ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት የአየር ኃይል ትርኢት ላይ ተከስክሶ አንገቱ ተሰበረ። እንስሳው ግን ይህን ሚዛን የሚጠብቅ አእምሮ ነበረው። እኔ ከአሻንጉሊቱ ውድቀት ይልቅ በረሃ ላይ የበረራቸውን ጊዜያት ነው የምቆጥረው።

ልጁ ቀጥሎ የሚጠይቀው ይታየኛል፤ «እኛ አገርስ ነበር?» ከደብረ ብርሃን ወደ ምዕራብ የጀማ ሸለቆ አለ። ላዩ ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከሱ በታች፣ ወደ ወንዙ ሲወርዱ፣ የሙገር ጭቃ ድንጋይ የሚባል ቀይ የሚል ንብርብር ይመጣል። ከዚያ ውስጥ የተለያዩ ዳይኖሰሮች ጥርስ ተገኝቷል፤ ዕድሜው 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ኬትሳልኮአትለስ የመጣው ከዚያ 80 ሚሊዮን ዓመት ቆይቶ ነው። ስለዚህ ጀማ ውስጥ እሱን መፈለግ የአያትን ሠርግ ላይ የልጅ ልጅን እንደመፈለግ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩት ቴሮሰሮች ከ10 ሜትር ክንፍ ጋር የሚወዳደሩ አልነበሩም። ቢሆንም ያ ድንጋይ ሲሸረሸር ዓይንን መጣል አይከፋም። የተገኘ ነገር ካለ ፎቶ አንሥቶ፣ ቦታውን ጽፎ፣ እዚያው ትቶ ለባለሙያ መናገር ነው።

የሚቀጥለው እሑድ ሦስታችሁም ወደ ጣርማበር ውጡ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት አትድከሙ፤ ጥንብ አንሳዎቹ ፀሐይ ገደሉን እስክታሞቀው ድረስ ተኮራምተው ይቀመጣሉ። ከአፋፉ የሚወርደውን ተዉት፣ እሱ ቀላል ነው። ሜዳ ላይ አርፎ የሚነሳ ፈልጉ። ልጁ ስንት እርምጃ እንደሮጠ ይቁጠር። ስንት ጊዜ ክንፉን ከመታ በኋላ እግሩ መሬት እንደለቀቀ ለማየት በዝግታ የሚቀርጽ ስልክ ያስፈልጋችኋል። ስልኩን አጎት ይያዝ።